ከከባድ መኪና ግጭት በኋላ፦ ይቅርታም ካሳም



በመንገድ ዳር ለምንኖር አገልጋዮች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብናል። አንዳንድ ጊዜ በሌሊት ስልክ ይመጣል፣ አንዳንድ ጊዜ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ በሹክሹክታ። «ከባድ መኪና ገጭቶብናል፤ ምን እናድርግ?» ይሉናል። ጠያቂዎቹ አባላት ብቻ አይደሉም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም፣ የኦርቶዶክስ ወገኖቻችንም፣ ጌታን ገና የሚፈልጉም ይጠይቁናል። በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም የሃይማኖት ወሰን አያውቅምና። ስለዚህ ቃሉን ከሕጉ፣ ጸሎቱን ከሥራው ሳንለይ የምናውቀውን በአንድ ቦታ ልንጽፍላችሁ ወደድን።

መንገዳችን

ሐራ በሰሜን ወሎ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። ከወልድያ የሚወርደው መንገድ በእርሷ አልፎ ወደ ጭፍራና ወደ ሚሌ ይዘልቃል፤ እዚያም ከጅቡቲው ጎዳና ጋር ይገናኛል። ከእኛ በስተ ምዕራብ ደግሞ ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በውጫሌና በመርሳ አልፎ ወልድያ የሚገባው፣ በቆቦ በኩልም ወደ መቀሌ የሚያልፈው ዋናው ጎዳና አለ። የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚመላለሰው በጅቡቲ ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙዎቻችን ጭነቱ ከጎማ ወደ ሐዲድ ሊወርድ ነው ብለን ነበር። ጭነቱ ግን ዛሬም በጎማ ላይ ነው። ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶውና ነዳጁ በተሳቢና በቦቴ ያልፋል፤ በዚያው መንገድ ላይ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ግመሎችና ፍየሎች ወደ ገበያ፣ ባጃጆች ከሰፈር ሰፈር ይሄዳሉ።

ተሳቢ ያለው መኪና 400 ኩንታል ገደማ ይጭናል። ያን ያህል ክብደት ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረገጥም አይዝም። ባጃጁ ወይም እግረኛው የተሳሳተ ባይሆንም እንኳ የሚጎዳው እርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶችም የመጀመሪያው የሞት ምክንያት ይህ ነው። ጸሎታችን ለዚህ መንገድ ነው፤ ግጭቱ የደረሰ ቀን ግን ከጸሎታችን ጋር እጃችንም ሥራ አለው።

የመጀመሪያው ሰዓት፦ የሳምራዊው ሰዓት

በሉቃስ 10፥25-37 ጌታ የነገረንን ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው መንገድ እንደ እኛው ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ መንገድ ነበር። ካህኑና ሌዋዊው ቆስሎ የወደቀውን ሰው አይተው አለፉ። ሳምራዊው ግን ያደረጋቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ስንቆጥራቸው ይገርመናል፤ ቀረበ፣ ቁስሉን አሰረ፣ በራሱ እንስሳ ላይ ጫነ፣ ወደ ማደሪያ ወሰደ፣ አደረበት፣ በማግሥቱ ከፈለ፣ ተመልሼ የጎደለውን እሞላለሁ አለ። ርኅራኄው እጅና እግር ነበረው፤ ደረሰኝም ነበረው ማለት ይቻላል።

እኛም እንደዚሁ በቅደም ተከተል እንሥራ።

አንደኛ፣ ሁለተኛ አደጋ እንዳይጨመር መንገዱን እናስጠንቅቅ። ከግጭቱ በፊትና በኋላ ራቅ ብለን ሦስት ማዕዘኑን እናቁም፤ ከሌለ ቅጠልና ቅርንጫፍ እንጣል፤ ሌሊት ከሆነ በባትሪ ምልክት እንስጥ። ሞተር ይጥፋ። ቦቴ ከሆነ ሲጋራም ክብሪትም አይታሰብ፤ ሰው ሁሉ ይራቅ።

ሁለተኛ፣ የተጎዳውን ሰው እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላሰጋው በስተቀር ጎትተን አናውጣው። የአንገትና የጀርባ አጥንት የተጎዳ ሰው በደግ ልብ ሲጎተት ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊሆን ይችላል። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀን እንጫን፤ ነጠላም ቢሆን ለዚህ ይሁን። መተንፈሱን እንይ። ውኃ አናጠጣው፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላልና። በስሙ እየጠራን እናናግረው።

ሦስተኛ፣ እንደውል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት በእኛ አካባቢ ግን የወረዳውን አምቡላንስ ሹፌርና የቅርቡን ጤና ተቋም ስልክ አስቀድሞ መዝግቦ መያዝ ብልኅነት ነው። በየአጥቢያው አንድ ዲያቆን ይህን ቢይዝ ሕይወት ያድናል። ከዚህ በኋላ ታካሚው እንደ ጉዳቱ ወደ መርሳ፣ ወደ ወልድያ፣ ከባሰም ወደ ደሴ ይላካል። ከወልድያ እስከ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በመንገድ ላይ የምትጠፋ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት።

«ብነካው እኔን ይይዙኛል» ብለው የሚሸሹ አሉ። ወገኖች፣ ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ፣ አስቦ ጥሎት የሄደን ሰው ይቀጣል። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው ሁሉ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። አዋጁ ሲወጣ ለዚህ የተመደበው እስከ 2,000 ብር ነበር። እንዲህ ያሉ መጠኖች በየጊዜው ሊሻሻሉ ስለሚችሉ የዛሬውን መጠን ከኢንሹራንሱ ወይም ከትራፊክ ፖሊስ መጠየቅ ይገባል። ዋናው ነገር ገንዘብ እስኪገኝ ተብሎ ሰው በር ላይ ደም እየፈሰሰው መቆየት እንደሌለበት ማወቃችን ነው።

ሕዝቡ ሲሰበሰብ፦ ዱላውና ጆንያው

ከግጭቱ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሕዝብ ይሰበሰባል። እዚያ ላይ ሁለት ፈተናዎች አሉ።

አንዱ ዱላው ነው። የሰው አንደበት አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰይሟቸዋል። ስሙ ከሐዘን የወጣ ነው፤ እንረዳዋለን። ነገር ግን መኪናውን እንዲህ ብለን ከጠራነው፣ ከጋቢናው የሚወርደውን ልጅ ምን ብለን ልንጠራው ነው? እርሱም እናት አለው። ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ሳይተኛ ከሚሌ በረሃ የመጣ፣ በአበል የሚኖር፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ወጣት ነው።

እግዚአብሔር ለእስራኤል ምድሪቱን ሲሰጥ፣ ሳያስብ ሰው ለገደለ ስድስት የመማፀኛ ከተሞች እንዲለዩ አዘዘ (ዘኁልቍ 35፤ ኢያሱ 20)። ዘዳግም 19 የሚሰጠው ምሳሌ ዛሬ የወጣ የትራፊክ ዜና ይመስላል። ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ወጡ፤ የምሳሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ገደለው። ጥላቻ አልነበረም፤ መሣሪያው ከዳ። እንዲህ ያለው ሰው የደም ተበቃይ በቁጣ ሳይደርስበት ወደ ከተማዪቱ እንዲደርስ፣ እግዚአብሔር መንገዱ እንዲዘጋጅ ጭምር አዘዘ። ደግሞም ወደ ከተማዪቱ የሸሸው ሁሉ ዝም ብሎ ነጻ አይወጣም፤ በማኅበሩ ፊት ቆሞ ይመረመራል። ጠልቶ፣ አድብቶ የገደለ ከሆነ ከተማዪቱ አታስጥለውም። ቃሉ ምሕረትንና ምርመራን አንድ ላይ ነው ያኖራቸው።

ስለዚህ በዚያ ሰዓት የአማኝ ቦታ በሹፌሩና በዱላው መካከል ነው። ሹፌሩን ይዘን በቅርብ ላለው ፖሊስ እናስረክብ። ለሹፌር ወንድሞቻችንም የምንለው ይኸው ነው፤ ሕዝቡ ካስፈራህ በቀጥታ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ሂድና እጅህን ስጥ፤ ወደ በረሃ ግን አትጥፋ። ወደ መማፀኛ ከተማ መሄድና መሰወር የተለያዩ ናቸው።

ሁለተኛው ፈተና ጆንያው ነው። የተገለበጠ መኪና ዘይት፣ ስኳር ወይም ስንዴ ከጫነ፣ ሰው ቁስለኛውን ተሻግሮ ጭነቱን የሚያነሣበት ጊዜ አለ። ይህ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ከተገለበጠ ቦቴ በጄሪካን ነዳጅ መቅዳት ደግሞ ስርቆት ብቻ ሳይሆን ሞት ነው፤ አንዲት ብልጭታ መንደር ትፈጃለች። ወጣቶቻችንን ይህን አስቀድመን በእሑድ ትምህርት እናስተምራቸው፤ በዚያ ሰዓት ለማስተማር ጊዜ የለምና።

እውነቱን መጠበቅ

የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሣ ድረስ መኪኖቹ ከቆሙበት አይነሡ። ሰው ለማዳን የግድ ማንቀሳቀስ ካስፈለገ የጎማውን ቦታ በድንጋይ ወይም በኖራ ምልክት እናድርግ፤ በስልክ ፎቶ እናንሣ። የመኪናውንም የተሳቢውንም ታርጋ እንመዝግብ፤ ተሳቢው የራሱ ታርጋ እንዳለው ብዙ ሰው አያስተውልም። የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ፣ የሊብሬውን የባለቤት ስም፣ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ፖሊስ እንዲመዘግብ እንጠይቅ። ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ እንያዝ። ከዚያ በኋላ የሐኪም ካርድ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የፖሊስ ሪፖርት ቅጂ ሁሉ በአንድ ፌስታል ውስጥ ይቀመጥ። በሐዘን ቤት ወረቀት ቶሎ ይጠፋል።

ስለ ምስክርነትም አንድ ቃል አለን። ከአሥሩ ትእዛዛት አንዱ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል (ዘጸአት 20፥16)። ሟቹ የእኛ ልጅ፣ ሹፌሩ የሌላ አገር ሰው ሲሆን «በፍጥነት ሲመጣ አየሁ» ማለት ይቀላል። ያላየነውን አላየንም እንበል። ያየነውን ደግሞ ባለ መኪናው ሀብታም ቢሆንም፣ ጉቦ ቢቀርብልንም፣ ችሎት መመላለሱ ቢሰለቸንም ቀርበን እንናገር። ዝምታም ሐሰተኛ ምስክር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የሚዋጋው በሬ ሕግ

«መጽሐፍ ቅዱስ ስለ መኪና ምን ያውቃል?» የሚል ወንድም አጋጥሞን ነበር። ዘጸአት 21፥28-36ን እንዲያነብ ጠየቅነው። በዚያ ዘመን በመንደር ውስጥ ካለ ነገር ሁሉ ከባዱና አደገኛው በሬ ነበር። እግዚአብሔር ስለ በሬው ባለቤት ደነገገ። በሬው ቀድሞ የማይዋጋ ከነበረ የባለቤቱ ዕዳ ሌላ ነው፤ ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ካልጠበቀው ግን ዕዳው እጅግ ይከብዳል። የአንዱ በሬ የሌላውን በሬ ከገደለ ደግሞ የቆመው ተሽጦ ዋጋው ለሁለት ይከፈል፣ የሞተውም ለሁለት ይከፈል ይላል።

አሁን የአገራችንን ሕግ እንይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። በአንቀጽ 2084 ደግሞ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፤ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት የአንዱ ሹፌር መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። በሬውና ተሳቢው፣ ሦስት ሺህ ዓመት ተራርቀው፣ በአንድ ሚዛን ተመዘኑ! የፍሬኑን ማለቅ ተነግሮት «አንድ ዙር ይሂድና እናስጠግናለን» የሚል ባለ መኪና፣ በሬውን ያላሰረው ሰው ወንድም ነው።

ከዚህ የምንማረው ለቤተ ሰብ ጠቃሚ ነገር አለ። ካሳ የሚጠየቀው ከዚያ ድሃ ሹፌር ብቻ አይደለም፤ ከባለቤቱና ከኢንሹራንሱም ነው። ገጭቶ ያመለጠና ያልታወቀ መኪና፣ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ሰው ከገደለ ወይም አካል ካጎደለ ደግሞ የመድን ፈንድ የሚባል አለ፤ «መኪናው ጠፍቷል፣ ስለዚህ ተስፋ የለም» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ፖሊስ ዘንድ አስመዝግቡ። ጊዜም ወሰን አለው። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ጥያቄ በመደበኛው በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ብዙ መበለቶች መብታቸውን ያጡት በሌላ ምክንያት ሳይሆን ሐዘናቸው ሳያልቅ ጊዜው ስላለቀ ነው።

ካልፈረምሁ ይቅር አላልሁም ማለት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኅብረታችን አንዲት እኅት ባጃጅ የሚነዳ ባሏን በተሳቢ ግጭት አጣች። ሦስት ልጆች ቀሩ፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ቀብሩ ካለፈ በአምስተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። ወሎ የዕርቅ አገር ነው። አባጋሮች ደም ሲያደርቁ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ ይህን ባህል እናከብራለን፤ ደም በደም እንዳይመለስ ብዙ ቤት አትርፏል። የመጡትም ቅን ሰዎች ነበሩ። ከባለ መኪናው ጥቂት ሺህ ብርና አንድ የተጻፈ ወረቀት ይዘዋል። ወረቀቱ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። ከመካከላቸው አንዱ ወደ እርሷ ዘንበል ብለው፣ «ልጄ፣ እናንተ የይቅርታ ሰዎች ናችሁ አይደል?» አሏት።

እኅታችን ወደ እኛ ዘወር ብላ፣ «ፓስተር፣ ካልፈረምሁ ይቅር አላልሁም ማለት ነው?» አለች።

ቤቱ ዝም አለ። ጥያቄው ለእርሷ ብቻ አልነበረም። በዚያ መንደር ጥቂቶች ነን። የምንለው ነገር ሁሉ ስለ ወንጌሉ ምስክር ሆኖ ይቆጠራል። «ፈርሚ» ብንል ሽማግሌዎቹ ያመሰግኑናል፤ ልጆቹ ግን ምን ይበላሉ? «አትፈርሚ» ብንል ደግሞ «ጴንጤዎች ገንዘብ ይወዳሉ» ይባላል።

የመለስንላት እንዲህ ነበር። ይቅርታ የአንቺ ነው፤ ከአንቺ በቀር ማንም ሊሰጠው አይችልም፤ ዛሬውኑ ልትሰጪው ትችያለሽ። የልጆቹ እንጀራ ግን የአንቺ አይደለም፤ የልጆቹ ነው። የራሳችንን ድርሻ መተው እንችላለን፤ የወላጅ አልባውን ድርሻ ግን ስለ እርሱ ሆነን «ይቅር» ልንል ሥልጣን የለንም። ቃሉ ስለ ራሱ መናገር ለማይችል አፍህን ክፈት ብሎ ያዘዘን ስለዚህ ነው (ምሳሌ 31፥8-9)።

ዘኬዎስን አስቡት (ሉቃስ 19)። ጌታ በነጻ ተቀበለው፤ ሳይከፍል ወደ ቤቱ ገባ። ዘኬዎስ ግን በዚያው ማዕድ ተነሥቶ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ይቅርታው ካሳውን አላስቀረም፤ ይልቁን ካሳውን ወለደ። በዘኁልቍ 5 የበደለ ሰው ኃጢአቱን ተናዝዞ፣ ዋናውን መልሶ፣ አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ታዝዟል። ንስሓና ክፍያ በእግዚአብሔር ዘንድ ጠላቶች አይደሉም።

«1 ቆሮንቶስ 6 ክርስቲያን እንዳይካሰስ አይከለክልምን?» የሚሉ አሉ። ጳውሎስ እዚያ የገሠጻቸው ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ስለሚያስነውርበት ክርክር ነው። ያው ጳውሎስ ግን በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ በተገረፈ ጊዜ ገዥዎቹ በስውር ሊሸኙት ሲሞክሩ የዜግነት መብቱን ጠይቋል (የሐዋርያት ሥራ 16፥35-39)። የኢንሹራንስ ካሳ መቀበል ደግሞ በቀል አይደለም። ባለ መኪናው በየዓመቱ የከፈለበት፣ ሕግ ለእንዲህ ያለው ቀን ያዘጋጀው ገንዘብ ነው።

እኅታችን በዚያ ቀን ሁለት ነገር አደረገች። ሹፌሩን አስጠራችው፤ በሽማግሌዎቹ ፊት አንገቱን አቅፋ «እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ» አለችው። ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ወረቀቱን ግን አልፈረመችም። «አባቶቼ፣ ዕርቁን ተቀብያለሁ፤ የልጆቹን ነገር ግን ሕግ ይየው» አለች። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ተከፍተው ሄዱ። የፈራነው ወሬም ለጥቂት ወራት ተወርቷል፤ አንደብቃችሁም። የወራሽነትና የሞግዚትነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥታ፣ ከኢንሹራንስ ጋር ተመላልሳ ጉዳዩ ከዓመት በላይ ፈጀ። ገንዘቡ በልጆቹ ስም ባንክ ገባ። የመጀመሪያ ልጇ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። ከተከፉት ሽማግሌዎች አንዱ ደግሞ በኋላ የራሳቸው ዘመድ ሲገጭ ወደ እርሷ መጥተው «ልጄ፣ አንቺ እንዴት ነው ያደረግሽው?» ብለው ጠየቋት።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ሽምግልናውን ተቀበሉ፤ ቂሙ በዚያ ይሙት። ነገር ግን በሐዘን ሳምንት ምንም ወረቀት አትፈርሙ። ባዶ ወረቀት ላይ ጣት አታሳርፉ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያነብላችሁ አትስማሙ። ደግሞም እወቁ፤ ሰው በሞተበት አደጋ የቤተ ሰቡ ዕርቅ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም። ሹፌሩ መጸጸቱና ካሳ መከፈሉ ግን በፍርድ ቤት ለቅጣት ማቅለያ ሊታይለት ይችላል። ስለዚህ ይቅርታችሁን በግልጽ መናገራችሁ ለእርሱም ይጠቅመዋል።

«ቀኑ ነው» ወይስ «ኃጢአቱ ነው»?

በለቅሶ ቤት ሁለት ቃላት ይሰማሉ። አንዱ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል። ይህ ቃል ሐዘንተኛን ለማጽናናት ይባላል፤ ግን ያለቀውን ፍሬን፣ ያልተኛውን ሹፌር፣ ከልኩ በላይ የተጫነውን ጭነት ሁሉ በእግዚአብሔር ስም ይሸፍናል። ሌላው፣ በተለይ በእኛ ቤት፣ «ምን በር ከፍቶ ይሆን?» ይላል። ይህኛው ይብሳል።

በሉቃስ 13፥1-5 በሰሊሆም ግንብ ወድቆ አሥራ ስምንት ሰዎች ገደለ። ጌታ እነዚያ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን ሐሳብ በአንድ ቃል ቆረጠው፤ ፊቱንም በሕይወት ወዳሉት አዞረ፤ እናንተ ንስሓ ግቡ አለ። እኛም የሞተውን አንመርምር፤ በሕይወት ያለነው ራሳችንን እንመርምር። ግንቡን ማን እንደ ሠራው መጠየቅም ኃጢአት አይደለም። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ ለጣራው ከለላ እንዲያበጅ ያዝዛል። ጥንቃቄ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ባልንጀራን መውደድ ነው።

ይህ ለቤተ ክርስቲያናችንም ይነካናል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና አካባቢ ሰርገኞችን የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ገብቶ ከ60 በላይ ሰዎች አልቀዋል። አገር ያለቀሰበት ሐዘን ነበር። ወገኖች፣ እኛስ ለኮንፈረንስ፣ ለሰርግና ለቀብር መዘምራንን በአይሱዙ ጀርባ ጭነን አንሄድም? የጭነት መኪና ለጭነት ነው። ኪራዩ ስለሚቀንስ ብለን የልጆቻችንን ነፍስ በጣውላ ላይ አናስቀምጥ። ሌሊት ጉዞም ይቅርብን፤ ስብሰባው በጊዜ ይጀመር፣ በጊዜ ይለቅ።

ከሦስት ወር በኋላ

ድንኳን ሲፈርስ ሰው ይበተናል። ዕድሩም ዕቃውን ይሰበስባል። የሳምራዊው ቃል ግን «ስመለስ እከፍላለሁ» የሚል ነበር፤ ተመልሶ መምጣት አለ። ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ እንሂድ። እግሩ የተቆረጠው ወንድም ክራንቹ ተሟልቶለታል? መበለቲቱ ወደ ወልድያ ለቀጠሮ ስትመላለስ ትራንስፖርት የሚከፍልላት አለ? አንድ ሽማግሌ ወይም ዲያቆን አብሯት በችሎት ቢቆም ያዕቆብ 1፥27 የሚለው አምልኮ ያ ነው። ከአደጋ የተረፉት ደግሞ የጡሩምባ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይደነግጣሉ፤ እንቅልፍ ያጣሉ። «እምነት ይኑርህ» ብለን አንለፋቸው። እንስማቸው፤ አብረን እንጸልይ፤ ካልተሻላቸው ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው።

ሹፌሩንም እንጎብኘው። በማረሚያ ቤት ከሆነ እንሂድ፤ ቤተ ሰቡ በሩቅ ስለሆነ ስንቅ የሚያቀብለው የለም ይሆናል። ሰው መግደሉን ሳያስብ የሚያድርበት ሌሊት የለውም። ለእርሱ የመማፀኛ ከተማ ክርስቶስ ነው። የዘኁልቍ ሕግ ነፍሰ ገዳዩ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ በከተማዪቱ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ርስቱ ይመለሳል ይላል። የእኛ ሊቀ ካህናት ሞቷል፤ ተነሥቷልም። የተጨነቀ ሕሊና ወደ ርስቱ የሚመለስበት መንገድ ተከፍቷል። ይህን ወንጌል ለዚያ ሹፌር ካልነገርነው ለማን ልንነግረው ነው?

እንጸልይ

የሰማይና የምድር አምላክ ሆይ፣ በዚህ ሌሊት ከሚሌ እስከ ወልድያ፣ ከደሴ እስከ ቆቦ በመንገድ ላይ ያሉትን ሹፌሮችና ረዳቶች ጠብቅ። ለደከመው ዕረፍት፣ ለባለ መኪናው ፈሪሀ እግዚአብሔር ስጥ። ወድቆ የተገኘውን አይተን እንዳናልፍ ዓይናችንን ክፈት። ለመበለቶችና ለወላጅ አልባዎች ፍርድን አድርግ። ይቅር ለማለት ልብ፣ እውነትን ለመናገር ድፍረት ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጸጋና ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።